ሽርሽር ወደ በረሃ

በአማርኛ ወደ በረሃ የሚሄድ ሰው ምክንያት ይኖረዋል። ሸፍቶ ይሄዳል፤ ተሰዶ ይሄዳል፤ ታግሎ ለመመለስ ይሄዳል፤ አለዚያም ዓለምን ንቆ ለጸሎት ይሄዳል። ስለ አንድ ሰው «በረሃ ገባ» ሲባል የሰማ ሁሉ ከእነዚህ ከአራቱ አንዱን ይጠብቃል። ገዳም የሚለው ቃል እንኳን በግዕዝ ሰው የማይኖርበትን ምድረ በዳ የሚገልጽ ነበር፤ መነኮሳቱ ስለሰፈሩበት ኋላ የመኖሪያቸው ስም ሆኖ ቀረ። ቆላ፣ ሐሩር፣ ምድረ በዳ፤ ቃላቱ ሁሉ ፈተናን እንጂ ደስታን አያስታውሱም። ሽርሽር የሚለው ቃላችን ደግሞ የሌላ ዓለም ነው፤ ሐይቅ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ምሳ ተቋጥሮ። በትርጉም ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ስቆይ እነዚህን ሁለት ቃላት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ያስቀመጥኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ይሁንና ባለፈው ደረቅ ወቅት ባለቤቴና እኔ የ8 ዓመት ሴት ልጃችንንና የ5 ዓመት ወንድ ልጃችንን ይዘን፣ ከምንኖርበት ከኪዋቱሌ ተነስተን በኡጋንዳ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ወደሚገኘው ወደ ካራሞጃ ዘለቅን። የሄድነው ለመሸሽም ለመመነንም አልነበረም፤ ከልጆቻችን ጋር በደረቅ ምድር ላይ በእግር ለመሄድ ነበር። ካምፓላ ለምንኖር አበሾች ይህ ሐሳብ ለምን እንግዳ እንደሚመስል አውቃለሁ። ቢሆንም ለምን እንዳደረግነውና ምን እንዳገኘንበት ቢጻፍ የሚጠቅማቸው ወላጆች አይጠፉም ብዬ አምናለሁ።

መነሻው አንዲት ጥያቄ ነበረች። ልጄ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሳ ቦርሳዋን ሳታወርድ «እማዬ፣ ኢትዮጵያ በረሃ ናት እንዴ?» አለችኝ። የክፍል ጓደኛዋ «አገራችሁ በረሃ ስለሆነ ነው ሰው የሚራበው» ብላት ኖሯል። ጓደኛዋም ልጅ ናት፤ የሰማችውን ነው የደገመችው። እኔም ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ስለ ራስ ደጀን፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ስላለው ስለ ዳሎል፣ በሁለቱ መካከል ስላለው ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ ነገርኳት። ሰማችኝ፤ ግን እንዳልረካች ከፊቷ ይነበብ ነበር። እንዴት ትርካ? ደጋንም በረሃንም አይታ አታውቅም። የካምፓላ ልጅ ናት። ካምፓላ በዓመት ሁለት ጊዜ የዝናብ ወቅት የሚመጣባት፣ ሙዝና ሣር ያለከልካይ የሚበቅልባት ከተማ ናት። በሉጋንዳ ኤዱንጉ፣ በአማርኛ በረሃ ብላ መጥራት ትችላለች፤ ሁለቱም ቃላት ግን ለእርሷ ባዶ ዕቃዎች ነበሩ። ሌላ ሰው የፈለገውን ሊሞላባቸው ይችላል፤ ሞልቶባቸዋልም።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል የአባቶች ተረት። እኔ ደግሞ የማያውቁት አገር ያሳፍራል እላለሁ፤ ሌላው በነገረን ልክ እንጂ በራሱ ልክ አይታየንምና። ልጄ በዚያን ቀን ስለ አገሯ ስትጠይቀኝ በድምጿ ውስጥ የነበረው ያ ኀፍረት ነበር። ወደ አገር ቤት ወስዶ ማሳየት ቢቻል እሰየው ነበር፤ ነገር ግን ከእኛ ማኅበረሰብ ለብዙው ወደ አገር መሄድ የአራት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የወረቀትም የጸጥታም ጉዳይ ነው። ስለዚህ በምንኖርበት አገር ውስጥ ያለውን ደረቅ ምድር ፈለግን።

ኡጋንዳ በስፋት የምትታወቅበት የእግር ጉዞ የጎሪላው ነው፤ እርሱ ግን ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ አይፈቀድም። ልጆች ይዞ ለሚወጣ ቤተሰብ ሌላ ምርጫ ያስፈልገዋል። እኛ የመረጥነው ኪዴፖን ነው። የኪዴፖ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ኡጋንዳ ነጻነቷን ባገኘችበት በ1962 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ ሲሆን 1,442 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። በደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ ነው፤ ከኬንያም ብዙ አይርቅም። ከኡጋንዳ ብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ ሰጎንና አቦሸማኔ የሚገኙት እዚያ ብቻ ነው። በእርግጥ ፈጽሞ ዝናብ የማያውቅ አሸዋማ በረሃ አይደለም፤ ከሚያዝያ አካባቢ ጀምሮ ለወራት ይዘንብበታል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ሣሩ ነጭ ይሆናል፣ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ወንዙ ይጠፋል። የእኛን ቆላ ለሚያውቅ ሰው ግራሩና ቀዩ አፈር ብቻ ይበቃዋል፤ የት እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ ይረሳል።

ሐሳባችንን መጀመሪያ የሰሙት በኪዋቱሌ ጎረቤታችን የሆኑ እናት ነበሩ። ቡና ላይ ሳለን ነው የነገርናቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው «አንቺ ልጅ፣ በረሃ ደግሞ ሽርሽር ይኬድበታል?» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ የሄድኩት ልጆቼ እንዳይሄዱበት ነው» አሉ።

እኚህ እናት በ1983 ዓ.ም. ከአገር የወጡት በሞያሌ በኩል በእግራቸው ነው። የሦስት ዓመት ወንድ ልጃቸውን አዝለው የሰሜን ኬንያን ደረቅ ሜዳ አቋርጠዋል፤ በ1992 (እ.ኤ.አ.) በተቋቋመው በካኩማ የስደተኞች ጣቢያም ዓመታት ቆይተዋል። ካኩማ በቱርካና ምድር ያለ ነው፤ ከካራሞጃ የሚለየው የኡጋንዳንና የኬንያን ወሰን ተከትሎ የሚወርደው ተረተር ነው። እንግዲህ እኛ ልጆቻችንን ለማዝናናት የምንወስድበት ቦታ እርሳቸው ልጃቸውን ለማትረፍ ከተጓዙበት ምድር ጋር ጎረቤት ነው። ምን መልስ ይሰጣል? ዝም አልኩ። ጥቂት ቆይተው ግን «ቁርጥ ከሆነ ስሚኝ» ብለው ሁለት ነገር መከሩኝ። «ውሃ አምጪ እስኪሉሽ አትጠብቂ፤ ሳይጠይቁሽ አጠጪያቸው። የሚያለቅስ ልጅ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ዝም ያለ ልጅ ነው።»

ከካምፓላ በሉዌሮ፣ በጉሉና በኪትጉም በኩል እስከ ኪዴፖ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ትንንሽ ልጆች ይዞ በአንድ ቀን መግፋት አይመከርምና በመንገድ አደርን። ካራሞጃ በከብት ዝርፊያና በጦር መሣሪያ ስሟ ለዓመታት ሲነሣ የኖረ ምድር በመሆኑ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድመን ጠይቀን፣ በቀን ብርሃን ብቻ ተጓዝን። ካሩማ ላይ ነጭ አባይን ስንሻገር ወንዱ ልጄ «ይኼ የእኛ አባይ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የእኛው ከዚህኛው ጋር የሚገናኘው ካርቱም ላይ መሆኑን አባቱ ነገረው። «ታዲያ ውሃው ከእኛ በፊት አገራችን ደረሰ ማለት ነው?» አለ። ወንዙ ወደ ኢትዮጵያ እንደማይሄድ፣ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ግን ካርቱም ላይ እንደሚቀበለው ለማስረዳት እስከ ጉሉ ድረስ ያለው መንገድ በቂ አልነበረም።

ስንቃችን የአገር ቤት ስንቅ ነበር፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቆሎ። ለሙቀት የሚሆን ምግብ ለመምረጥ ሳስብ የአያቶቻችን ነጋዴዎችና ዘማቾች ጥያቄውን ቀድመው እንደመለሱት ተረዳሁ። በሶ እሳት አይፈልግም፣ በሙቀት አይበላሽም፣ በጥቂት ውሃ ይጠጣል፤ ጨው ከተጨመረበት ደግሞ ላብ የወሰደውን ይመልሳል። በተጨማሪ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ለጥ ተደርጎ ተሰፍሮ፣ እንዴት እንደሚበጠበጥ ለሁላችንም አስጠንቼ ነበር። ልብሳችንን ፈዛዛ ቀለም ያለው አደረግን፤ የገንዲ በሽታን የምታስተላልፈው ጼጼ ዝንብ ጥቁርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቀለም ይስባታልና።

በፓርኩ ውስጥ ያለ ታጣቂ ጠባቂ በእግር መሄድ አይቻልም። የተመደበልን ጠባቂ ልጆቹን ከላይ እስከ ታች ካየ በኋላ የናሩስን ሸለቆ ዳርቻ ይዞ የሚሄደውን አጭሩን መንገድ መረጠልን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሣን። ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ጥላ ሥር መግባት ነበረብን። የልጅ ሰውነት ከክብደቱ አንጻር ለአየሩ የተጋለጠው ገጹ ሰፊ በመሆኑ ከአዋቂ ቶሎ ይሞቃል፤ ቁመቱም አጭር ስለሆነ ከመሬት የሚወጣውን ግለት በቅርብ ይቀበላል። ለእያንዳንዳችን አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ያዝን። አንድ ሕግ አስቀድመን ተስማምተን ነበር፤ የጉዞው አለቃ ትንሹ ልጅ ነው። እርሱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል፤ እርሱ መመለስ ሲገባው ሁሉም ይመለሳል።

በአዋቂ እርምጃ ግማሽ ሰዓት የሚወስደው መንገድ በልጅ እርምጃ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ይህ መዘግየት መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ብቻዬን ብሄድ ኖሮ የማላየውን ሁሉ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። የምስጥ ኩይሳ ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ዞርን። የግራር እሾህ በየትኛው በኩል እንደሚዋጋ ተመረመረ። የጎሽ ኮቴ የረገጠው ጭቃ ደርቆ እንደ ሸክላ ሲሰበር ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰጥ ተሞከረ። ልጄ ከዛፍ ዛፍ ያለው ርቀት ለምን እንዲህ እንደሆነ ጠየቀች፤ ጠባቂው ሥሮቹ ከመሬት ሥር ውሃ ስለሚሻሙ ነው ሲላት «እንግዲያው ከላይ የተራራቁ የሚመስሉት ከታች ስለሚገናኙ ነው» አለች። ይህን ዐረፍተ ነገር እኔ አልተረጎምኩላትም፤ የራሷ ነው።

ወደ 3 ሰዓት ገደማ ልጁ ዝም አለ። አላለቀሰም፣ አልተነጫነጨም። ስለ ዝሆን የጀመረውን ወሬ አቋርጦ እግሬን ይዞ ቆመ። የጎረቤታችን ቃል በዚያች ቅጽበት ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ባለቤቴ ከኮረብታው ማዶ ያለውን እይታ ሊደርስበት ጥቂት ነበር የቀረው፤ ሳይናገር ዞር አለ። ልጁን ግራር ጥላ ሥር አስቀምጠን አንገቱን በእርጥብ ነጠላ ጠቅልለን በትንሽ በትንሹ አጠጣነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስለ ዝሆኑ ካቆመበት ቀጠለ። ቀጥታ ተመለስን። ኮረብታው ማዶ ምን እንዳለ ዛሬም አላየንም፤ ማንም አልቆጨውም።

በማግስቱ የኪዴፖን ወንዝ አየን፤ በመኪና ሄደን አሸዋው ላይ ከጠባቂው ጋር ወረድን። ወንዙ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ውሃ አይሄድበትም። በግራና በቀኝ ረጃጅም ዘንባባዎች ቆመዋል፤ መካከሉ ሰፊ የአሸዋ መንገድ ነው። ስሙ «ማንሳት፣ መልቀም» ከሚል የአካባቢው ቃል እንደመጣ ይነገራል፤ ሰዎች የዘንባባውን ፍሬ ሊለቅሙ ይመጡበት ነበርና። ወንዱ ልጄ «ወንዙ የት ሄደ?» አለ። ጠባቂው ዝሆኖች በኩምቢያቸው የቆፈሩትን ጉድጓድ አሳየው። ወንዙ አልሄደም፤ ከአሸዋው ሥር ነው።

ከፓርኩ ውጭ፣ ወደ ካቦንግ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ሌላ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ደግሞ በልጄ ዕድሜ የምትሆን ልጅ ከእናቷ ጋር አሸዋ ቆፍራ በቅል ውሃ ስትጨልፍ አገኘናት። ቢጫ ጀሪካን አጠገቧ ነበር። ልጆቹ ተያዩ። ልጅቷ ውሃውን እያሳየች «ንጋኪፒ» አለች። የእኔዋ «ውሃ» አለች። ሁለቱም ሳቁ። የካራሞጃ ሕዝብ ቋንቋ ከኬንያ ቱርካናዎች፣ ከደቡብ ሱዳን ቶፖሳዎች፣ እንዲሁም በታችኛው ኦሞ ከሚኖሩት ከእኛዎቹ ኛንጋቶሞች ቋንቋ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ይህን ለልጄ ስነግራት «ታዲያ እሷ የኢትዮጵያ ዘመድ አላት ማለት ነው» አለች። አዎን፣ ማለት ነው። እኛ እንግዶች ሆነን በመጣንበት ምድር የአገራችን ዘመዶች ቀድመውን ነበሩ።

ስለ ረሃብ ያለው ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም ነበር፤ የተነሣውም ማታ ነው። «ያቺ ልጅ ትራባለች?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። በ1980 (እ.ኤ.አ.) ካራሞጃን ከባድ ረሃብ መትቷታል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ወሎንና ትግራይን የመታው ረሃብ በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። ሁለቱም ጊዜ ድርቅ ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ ግን ጦርነትም፣ ዝርፊያም፣ የመንግሥት ቸልታም ነበር። በረሃ ብቻውን ሰው አያስርብም። ያቺ ልጅ እናቷ ባሳየቻት መንገድ አሸዋ ውስጥ ውሃ ማግኘት ትችላለች፤ የቦረና ሰዎች በጥልቅ ኤላዎቻቸው ውስጥ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ለከብቶቻቸው ውሃ እንደሚያወጡት ሁሉ።

ለልጅ ለመንገር የከበደኝን ግን ለአንባቢ ልናገር። በኪዴፖ ምሥራቅ በሚታየው በሞሩንጎሌ ተራራ ላይ ኢክ የሚባሉ ጥቂት ሕዝቦች ይኖራሉ። ሸለቆው የዱር እንስሳት ክልል ሲሆን ከሚያድኑበት ምድር እንዲርቁ ከተደረጉት መካከል ናቸው። ኮሊን ተርንቡል የተባለ አንትሮፖሎጂስት በ1960ዎቹ አጋማሽ በረሃብ ጊዜ አብሯቸው ቆይቶ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ፍቅር የሌላቸው፣ ልጆቻቸውን እንኳን የሚተዉ ሰዎች አድርጎ ሣላቸው። መጽሐፉ በዓለም ተነበበ። በኋላ ቋንቋቸውን ያጠናው በርንድ ሃይነ በ1985 ሥዕሉን ተቃወመ፤ በ2020 የታተመ ጥናትም ኢኮች ከሌላው ሕዝብ ያነሰ ደግነት አላቸው የሚለውን ስም የሚያፈርስ ሆኖ ወጣ። አንድን ሕዝብ በተራበበት ዓመት አይቶ «ይህ ነው» ማለት ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? የእርዳታ ድርጅቶችን ሰነድ ስተረጉም «በድርቅ የተጠቃ ሕዝብ» የሚለውን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ሐረጉ ትክክል ነው። ነገር ግን ከሐረጉ ሌላ ምንም ያልሰማ ልጅ ሕዝቡን ሐረጉ ብቻ አድርጎ ያስበዋል። የልጄ ጓደኛም ያሰበችው እንዲህ ነው።

ወደ ኪዋቱሌ በተመለስን በሳምንቱ ልጆቹ ለጎረቤታችን እናት ጉዟቸውን ሲተርኩ ነበርኩ። ዝሆኑን አጋነኑት፤ ሰጎኑ ከቤታችን አጥር በላይ ሆነ። ስለ አሸዋው ወንዝ ሲነግሯቸው ግን እርሳቸው ጣልቃ ገቡ። «አሸዋው መጀመሪያ ደረቅ ነው፤ ክንድ ያህል ስትወርዱ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ቀርባችኋል ማለት ነው» አሏቸው። ከዚያም ከሰላሳ ዓመት በፊት አንዲት የማያውቋት ከብት ጠባቂ ሴት ውሃ ያለበትን ቦታ በእግሯ ምልክት አድርጋ እንዳሳየቻቸው፣ ልጃቸው ከዚያ ጠጥቶ እንደተረፈ ተረኩላቸው። ያ ልጅ ዛሬ በሌላ አህጉር የሚኖር ጎልማሳ ነው። እኔ ጎረቤታቸው ሆኜ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም፤ ለእርሱም ነግረውት እንደማያውቁ ቡናውን ስናነሣ ነገሩኝ። «ማን ጠይቆኝ?» ነው ያሉት። በዚያው ሳምንት እሑድ ስልክ ደወሉለት።

እንግዲህ ከጉዞው ያገኘነው ትርፍ ተራራ መውጣት አይደለም፤ ልጆቹ የሄዱት በድምሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ትርፉ ለልጆቹ ቃሉ ዕቃ ሆኖ መያዙ ነው። በረሃ ስትባል ልጄ ዛሬ ግራር ታያለች፣ ቀዝቃዛ አሸዋ ታያለች፣ ስሟን ባታውቅም አንዲት ልጅ ታያለች። ጓደኛዋ ያንኑ ጥያቄ ብትደግምላት መልሷን እኔ አላዘጋጅላትም።

አሁን «መቼ ነው ደግሞ በረሃ የምንገባው?» ትለኛለች። ሽማግሌ ቢሰማት የሚደነግጥበትን ሐረግ እንደ ቀላል ነገር ትጠራዋለች። ቀን አልቆረጥንም፤ ቦታው ግን ተመርጧል። ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በ1966 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። የፈንታሌ ተራራ፣ ሳላው፣ ፏፏቴው፣ በዘንባባ የተከበበው ፍል ውሃ፤ ሁሉም እዚያ ይገኛሉ። ወረቀቱ ሲስተካከልና መንገዱ ሰላም ሲሆን እንሄዳለን። እስከዚያ ድረስ ወንዱ ልጄ ስድስት ዓመት ይሞላዋል፤ የጉዞው አለቃ ግን አሁንም እርሱ ነው።